የወንድሜን ቀለም ያልሰማሁበት ቀን

ያን ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጎንደር ውስጥ በተከራየኋት ክፍል መሃል ቆሞ እኔ እስክነቃ ይጠብቅ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው። ጭቃ የነካ ጫማውን ደጅ አውልቆ በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆሟል።

"የኔታ፣ ነቁ?" አለኝ።

"አያ፣ ምነው በሌሊቱ?"

"ነግቷል እኮ። ቀለሜን ይስሙኝና ልሂድ። ወንዙን ከቀትር በፊት መሻገር አለብኝ።"

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ዲያቆን ነው። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ሰው "የኔታ" የሚለው የቤተ ክህነት መምህሩን ነው። ወንድሜ ግን እኔን እንዲህ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። "ቀለም የሰጠህ ሰው ሕፃንም ቢሆን የኔታህ ነው" ይል ነበር። ቀለም የሚለው የዕለቱን ትምህርት ነው።

የምሰጠው ቀለም እንግሊዝኛ ነበር። በከተማው ካሉት አድባራት በአንዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለጎብኚ የሚያስረዳ ሰው ይፈለግ ነበር። ግእዝ የሚያውቅ፣ ታሪክ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛም የሚሞክር። ፈተናው ሰኞ ነው። ካለፈ ከተማ ይገባል፤ ሁለት ክፍል ይከራያል፤ እናታችንን ከዚያ ገደል አውጥቶ እኛ ዘንድ ያመጣል። ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ለዚህም ሦስት ወር ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ረቡዕ ማታ ከአገር ቤት ይመጣና አድሮ ሐሙስ ጠዋት ይመለስ ነበር።

እኔ በእንግሊዝኛ ጎበዝ አይደለሁም። የዘጠነኛ ክፍል ደብተሬን አውጥቼ እዚያ ያለውን ነው የሰጠሁት። ለጎብኚ የሚያስፈልገው እሱ ነው ብዬ ካን፣ ሜይ፣ መስትና ሹድን አስቀደምኩ። ካን አቅም ነው። ሜይ ፈቃድ ነው። ሹድ ምክር ነው፤ ብትተወው የሚከስህ የለም። መስት ግን ግዴታ ነው፤ መውጫ የለውም። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ራቁቱን ይመጣል፤ ኤስ አይጨመርበትም፣ ቱ ከፊቱ አይገባም አልኩት።

"ራቁቱን?" አለ።

"አዎ፣ ራቁቱን።"

"እንደ ተጠማቂ ሕፃን ነዋ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ ወደ ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስና ዜም ሄድን። ሂ የሚያደርገው ነው፤ ከግሱ በፊት ይቆማል። ሂም የሚደረግበት ነው፤ ከግሱ በኋላ ይመጣል። ይህን ስነግረው ብዙ አሰበ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "በግእዝ እኮ ሰውየው ከግሱ ጭራ ላይ ይቀጠላል። በአማርኛም 'ሰማኝ' ስትል እኔ እዚያው ውስጥ አለሁ። እነዚህ ግን አውጥተው ለብቻው አቆሙት። ምነው ብርድ ላይ ጣሉት?"

 የእንግሊዝኛ መምህራችን እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሚያሳፍረኝ አለማወቁ አልነበረም፤ አጠናኑ ነበር። በቆሎ ትምህርት ቤት ቀለም በአፍ ነው የሚያዝ። ተማሪው በቃሉ እስኪይዘው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለዋል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል። መምህሩ ሰምቶ "ቀጥል" ካላለው ሌላ ቀለም አይቀበልም። ወንድሜም እንግሊዝኛውን እንዲሁ ያዘው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ፣ በመቋሚያው ወለሉን እየመታ፣ "ዩ መስት ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ፤ ዩ ሜይ ኖት ተች ኢት፤ አይ ካን ሾው ዩ፤ ፕሊዝ ፎሎው ሚ" ይላል። ግቢው ውስጥ አምስት ቤት ተከራይ አለ። የአከራዬ ሴት ልጆች ቧንቧው ዘንድ ቆመው "ቄሱ በእንግሊዝኛ ቀደሰ!" እያሉ ይስቃሉ። እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ "ገና ነው፤ ኪዳን ላይ ነኝ" ይላቸዋል። አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን ፊቴ ይነድ ነበር። ሲሄድ ደግሞ የደቀ መዝሙር ደንብ ነው ብሎ ጄሪካኔን ከቧንቧው ሞልቶልኝ ይሄዳል፤ ልጆቹ እያዩ።

ያን ሐሙስም ልጆቹ ቧንቧው ዘንድ ነበሩ። ድምፃቸው ይሰማኛል። ስለዚህ አልሰማሁትም።

"አሁን ረፍዶብኛል" አልኩት። "ስድስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ና፤ እዚያ እሰማሃለሁ።"

"ወንዙስ?"

"ሰማዩ እኮ ጠርቷል።"

ወጥቶ ሰማዩን አየ። ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። "ከላይ ከዘነበ ከታች አይታወቅም" አለ። ቀጥሎም፣ "ነገ ሰሞነኛ ነኝ፤ ቅዳሴው ያለ እኔ አይገባም" አለ። እኔ ቦርሳዬን አንግቤ በሩ ላይ ደርሻለሁ። እሱም "እሺ፤ የኔታ ካሉ" አለ።

ይሰለቸዋል፣ ይሄዳል ብዬ ነው ያልኩት። እንደዚያ ነው ለራሴ የነገርኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስወጣ ከዘበኛው ማረፊያ አጠገብ ቆሟል። በትከሻው ጋቢ፣ በእጁ መቋሚያ፣ በሌላው እጁ ደብተር። ከጓደኞቼ አንዱ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጠው፣ ቀድሞ አየው።

"ኧረ ዲያቆን ቆሞልናል፤ ፀበል ሊረጨን ነው!"

"አንተን ነው የሚረጨው፤ ከሒሳብ ውጤትህ ጋር" አለው ሌላው።

ወንድሜ አየኝ። ጋቢውን አወረደ፤ ጎንበስ አለ። "የኔታ፣ መጣሁ" አለኝ።

ሦስቱም ፈነዱ። "የኔታ! አንተን ነው? መቼ ነው የኔታ የሆንከው?" አለ የዴስክ ጓደኛዬ። "በል እስቲ ዳዊት ድገምልን!" ሌላው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ወንድሜ ፈገግ እንዳለ ቆሟል፤ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ የገባው አይመስልም፣ ወይም ገብቶታል።

"ማነው ሰውዬው?" አለኝ ጓደኛዬ።

"የአገሬ ሰው ነው" አልኩ።

ይህን ወንድሜ ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠጋ ብዬ "እዚሁ ጠብቀኝ፤ መጣሁ" አልኩት። "እሺ" አለ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ወደ ግቢው ተመለስኩ፤ በሜዳው ዞረን በጓሮ በር ወጣንና ፑል ቤት ገባን።

አንድ ነገር አለ፤ መጻፉ ይከብደኛል። እንደማይሄድ አውቅ ነበር። የቆሎ ተማሪ የኔታው ጠብቀኝ ካለው ቦታ አይነቃነቅም። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ በልጅነቱ መምህሩ ረስተውት አንድ ቀን ሙሉ የዋርካ ሥር እንደቆመ፣ በኋላም እንደመረቁት። በኩራት ነበር የሚያወራው።

ሰባት ሰዓት ላይ ዘነበ። የቆርቆሮው ጩኸት ፑል ቤቱን ሞላው። የዘበኛው ማረፊያ ለአንድ ሰው እንኳ እንደማትበቃ አስታወስኩ። ተራዬ ደርሶ ነበርና መታሁ፤ ሳትኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ልሰማው ነበር። እውነት ልሰማው ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ላይ ስደርስ አየሁት። ጋቢው ረጥቦ ከትከሻው ተጣብቋል። ዘበኛው ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመቋሚያው አስፋልቱን እየመታ ያሰማዋል። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፤ አገጩን በእጁ ይዞ ራሱን ይነቀንቃል። ከትምህርት ቤቱ የሚወጡ ሴት ተማሪዎች ቆመው ያያሉ። ከእኔ እስከ እሱ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆምኩ። ተመልሼ ሄድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ የለም። ዘበኛው አየኝና ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "የኔታው አንተ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"ዘጠኝ ላይ ሄደ። ከዚህ በላይ ብቆይ ቅዳሴው ይስተጓጎላል አለ። ይቺን ደብተር ስጠው ብሏል። ሰኞ ጠዋት ከፈተናው በፊት ይሰማኛል አለ።" ደብተሩን ሰጠኝ። "ለእኔ ሁሉንም ብሎልኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ሸጋ ነው፣ በርታ አልኩት።"

ደብተሩን ሳልከፍት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሄደልኝ ብዬ።

ምሽት ላይ አጎቴ ደወለ። እናትህን ትንሽ አሟታል፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ መኪና ና አለኝ። "አያ ደርሷል አይደል? እሱ አለላት" አልኩት። "ና ብቻ" አለና ዘጋው። ዓርብ ፈተና ነበረብኝ። እሱ እያለ እኔ ለምን እጠራለሁ ብዬ ተነጫነጭኩ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ከምወርድባት የመንገድ ዳር ከተማ ስደርስ አጎቴና አራት ጎረቤቶች ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በእኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው።

"እናቴ ናት?" አልኩ።

"እናትህ ደህና ናት" አለ አጎቴ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዙኝ።

እየሄድን ነገሩኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው ወንዙ ዳር የደረሰው። ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ከብት ይመልሱ ነበር። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ነገር ግን የላዩ ተራራ ጠቁሯል። ድምፁን ሰምተው "አትግባ! ደራሽ መጣ!" ብለው ጮኸዋል። እሱ ግን ገብቶ ነበር። መሃሉ ላይ ሲደርስ አገኘው። ሲነጋ ከታች፣ ከሾላው ሥር ተይዞ አገኙት።

"እሱ እኮ በክረምት ከቀትር በኋላ ውሃ ገብቶ አያውቅም" አለ አጎቴ። "ለሰው ሁሉ የሚመክረው እሱ ነበር። ምነው ትናንት እንዲህ ዘገየ?"

እኔ ሳልመልስ አንዱ ጎረቤት መለሰልኝ። "ከወንድሙ ጋር ነበራ! ወንድሙን ካገኘ ሰዓቱን መች ያውቀዋል?"

ሁሉም "እውነት ነው" አሉ።  ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ጎድሏል። ሱሪዬን እንኳ ሳልሰበስብ ተሻገርኩ።

ቤታችን ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው። ሙሾው ገና አልተወረደም። በእኛ መንደር የምታስለቅሰው አንዲት አሮጊት አለች። እሷ ዝም ብላ ከልቧ አታወጣም፤ ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ዘመዱን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር፣ በመጨረሻ ምን አለ፣ ማን አየው። የነገርካትን ነው በግጥም የምትለው፤ ያለችውን ደግሞ አገር ይይዘዋል።

ከአጥሩ ሥር ወስዳ አስቀመጠችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"ልጄ፣ መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ አሉ። ወንድሙ ቀለም ሲሰጠው፣ ሲያሰማው፣ ፍቅር ይዞት ቀረ፣ ከመምህሩ መለየት አቅቶት መሸበት ልል ነው። ሸጋ ነው?"

አሰብኩት። አዎ ብል እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እመሰገናለሁ። እናቴም ስትሰማው ትንሽ ትጽናናለች። አፌን ከፈትኩ።

"አይደለም፣ እማማ" አልኩ። "አልሰማሁትም።"

ቀስ እያልኩ ነገርኳት።  አሮጊቷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ከበደኝ።

"ይህን እኔ በዜማ አልለውም" አለች። "እናትህም ከእኔ አፍ አትስማው። ተነስ፣ ሂድ።"

እናቴ መደቡ ላይ በሴቶች መካከል ነበረች። ስገባ ጮኹ፤ አጠገቧ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም። እሱ እኔ ፊት ይቆም እንደነበረው ቆምኩ። ቧንቧው ዘንድ ያሉትን ልጆች ነገርኳት። በሩን ነገርኳት፤ የአገሬ ሰው ነው ማለቴን። የጓሮውን በር። ዝናቡን። ስምንት ሰዓት ላይ አይቼው መመለሴን። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቆሙ። አንዷ "በቃህ" አለችኝ፤ ግን አልበቃኝም ነበር፣ ጨረስኩት።

እናቴ ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ራሷን ዘንበል አድርጋ ታየኛለች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልረገመችኝም።

"የሰኔ ጾም ነው" አለች። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም።"

"አዎ።"

"ዘጠኝ ላይ ተነሳ አልክ። ቀምሶ ነው የተነሳ? ወይስ በባዶ ሆዱ ነው ውሃ የገባው?"

"አላውቅም" አልኩ።

"የሚያውቅ የለም?"

የሚያውቀው ዘበኛው ነው። የዘበኛው ስልክ ቁጥር የለኝም። ወጥቼ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ። የዴስክ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ የሜዳው ጫጫታ ይሰማል።

"የኔታ! የት ጠፋህ? ፈተናው አመለጠህ እኮ" አለ እየሳቀ።

"ትናንት በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ..."

"የአገርህ ሰው?"

"ወንድሜ ነው" አልኩ። "የእናቴ ልጅ። ታላቄ ነው። ማታ ወንዝ ወሰደው።"

ሜዳው ብቻ ይንጫጫል። ከዚያ "እኔ እኮ..." ብሎ ተወው።

"ዘበኛውን ጠይቅልኝ" አልኩት። "ሲሄድ እህል ቀምሶ ነበር ወይ በለው። እናቴ ናት የምትጠይቀው።"

እስኪደውል ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት። እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል፣ በብራና እንደሚጻፍ በደማቁ ጽፎታል። ባለፈው ጊዜ በመስትና በሂም አምስት ዓረፍተ ነገር ሥራ ብዬው ነበር። አንዱ ስለ ላማችን ነው፤ ሁለቱ ስለ መምህሩ። አራተኛው "አይ መስት ዌይት ፎር ሂም" ይላል፤ ልጠብቀው ግድ ነው። ስለ ማን እንደሆነ አልጻፈም። አምስተኛው አልተሠራም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ከታች ለቅሶው ተጀመረ። የአሮጊቷን ድምፅ ለየሁት፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ቅዳሴው፣ ያለ ዲያቆን ስለቀረው ቃጭል ትላለች። ስለ እኔ አንድም ቃል አላለችም።

ስልኩ ጮኸ።

"ቀምሷል ብሏል" አለኝ ጓደኛዬ። ድምፁ ተለውጧል። "ሽሮ ነበረኝ፣ ና አብረን እንቅመስ ስለው ዘጠኝ እስኪሞላ አልነካም አለኝ፤ ሲሞላ ባርኮ አብረን በላን ነው ያለኝ። ደግሞ የሰኞውን ፈተና ያልፍ ይሆን እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?"

"እውነቱን ንገረው" አልኩት።

ወረድኩ። ለቅሶውን በሰው መሃል ሰንጥቄ እናቴ ዘንድ ደረስኩ፤ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

"ቀምሷል፣ እናቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር። ምሳውን አካፍሎት።"

"እግዜር ይስጠው" አለች። ለዘበኛው ነው።